ስለ ወይራውና ስለ ሣሩ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ወንድሜም አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ግማሹ ለሱ ነው።

የቴሌግራሙን ድምፅ የሰማሁት ትናንት ከሥራ ስወጣ ነው። የአዲሱ ቤት ጣሪያ አልቆ ወደ ግቢው ልትዞሩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ወንድሜ «ወይራውን አስቆርጠን አንተ ፎቶውን የላክልንን ዓይነት ሣር ልንተክል ነው» ሲል ደነገጥኩ። መኪናዬን ሳላስነሳ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። አንቺ አንድም ቃል አልተናገርሽም እማዬ። ከኋላ ሲኒ ስታጥቢ ብቻ ይሰማል።

ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከፎቶው ውጪ ያለውንም መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሰው ግቢ ማስዋብ ስጀምር ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሣሩን እወደዋለሁ። ያ ቀጥ ብሎ የቆመው ካርል ፎርስተር ይባላል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1874 እስከ 1970 በኖረ ጀርመናዊ አትክልተኛ ስም የተሰየመ ነው። በተተከለ በሁለት በሦስት ዓመት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል። አበባው ሲወጣ የሰው ደረት ይደርሳል። ነፋስ ሲነካው የደረሰ የስንዴ ማሳ ይመስላል፣ እኔም ፎቶ ያነሳሁት ሐጎማ ሜዳችን ትዝ ብሎኝ ነው። በረዶ ሲጥል እንኳ ደርቆ እንደቆመ ያምራል።

ግን ወንድሜ፣ ያ ሣር ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ አይደለም። የካቲት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ጉቶ እንደ ነዶ በገመድ እናስረውና ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተን እንቆርጠዋለን። ካልተቆረጠ አዲሱ ቅጠል አሮጌው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ሚስካንተስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው፣ ያለ ጓንት የያዝኩ ቀን መዳፌ ተተልትሎ እጄን ስታጠብ አቃጥሎኝ ነበር። ቆይቶ መሀሉ ይሞትና ዙሪያው ብቻ ይቀራል። ያኔ ነቅሎ፣ በአካፋ ሰንጥቆ እንደገና መትከል ነው። ይህን ሁሉ ማን ይሠራል? አንተ ሥራ ትውላለህ። የሚሠሩት እማዬና አባባ ናቸው።

ደግሞ ጎረቤት በግ አለ፣ አህያ አለ። በሩ አንድ ቀን ክፍት ቢያድር ለምለሙን በጠዋት ጨርሰው ነው የሚጠብቁህ። በበጋ ደግሞ ደረቅ ሣር ነው፣ እማዬ ከሰል ከምታቀጣጥልበት አጠገብ ሊሆን አይገባም።

ስለ ዛፍ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። እዚህ ብራድፎርድ የሚባል የጌጥ ዛፍ አለ፣ ፒር የሚባለው ፍሬ ዘመድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ለገበያ የወጣው ከዚሁ ከሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ከሚባል የመንግሥት የዕፅዋት ጣቢያ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በጸደይ ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ሰዉ ሁሉ ተከለው። ችግሩ ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ጋር በጠባብ ማዕዘን ተጣብቀው ማደጋቸው ነው። ከ15 እስከ 20 ዓመት ሲሞላው ነፋስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። አንዱን ከሰው መኪና ላይ በመጋዝ ቆራርጠን ስናነሳ ውለናል። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ዳር ቆማ ታለቅስ ነበር፣ ለመኪናው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልጇ በተወለደ ዓመት የተከለችው ዛፍ ነው። አሁን ኦሃዮን የመሳሰሉ ግዛቶች ሽያጩን በሕግ ከልክለዋል፣ ምክንያቱም ራሱን እየዘራ ጫካውንም ወረረው።

የኛ ወይራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘገምተኛ ነው። ለዚህ ነው እንጨቱ እንደዚያ የሚጠነክረው። አያታችን ሲተክሉት አባባ እረኛ ልጅ ነበሩ ይባላል፣ እስቲ አስሉት። ሣር ዛሬ ብታጠፋው በሁለት ክረምት ይመለሳል፣ ያ ወይራ ግን ዛሬ ቢቆረጥ ያንን የሚያህል ጥላ እኔም አንተም አናየውም። ለጠላው ጋን የሚታጠነውስ ከየት ሊመጣ ነው? እማዬ ቅርንጫፉን ቀጠፍ አድርጋ ፍም ላይ ስታደርገው የሚወጣው ጭስ እዚህ ሆኜ ይሸተኛል። እዚህ ሐበሻ ሱቅ የደረቀ ወይራ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ገዝቼ አውቃለሁ፣ ግን አይገናኝም።

ብርዱን እንዳትረሱ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ስለዚህ እኛ አገር ጥላ እንደ ቆላ ሰው በየትም በኩል አይፈለግም። አባባ ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ የሚሞቁበት የምሥራቁ በኩል ምንም ነገር እንዳይተከልበት። ወይራው ያለው በምዕራብ በኩል ነው፣ ማለትም ጠዋት ፀሐይ አይከለክልም፣ ከቀትር በኋላ ግን ያንን ፊት የሚልጥ የበጋ ፀሐይ ይጋርዳል። አያታችን አስበውበት ነው የተከሉት ብዬ አምናለሁ።

ወንድሜ፣ ሣሩን ተው አላልኩም። ለሱም ቦታ አለው። ሣር ፀሐይ ይወዳል፣ ዛፍ ሥር ከተከልከው ይሳሳል፣ ይጋደማል። ስለዚህ ከበሩ እስከ በረንዳው ባለው መንገድ ዳር፣ የወይራው ጥላ በማይደርስበት በኩል አድርገው። ከአዲስ አበባ በመኪና አስጭነህ ብር አታውጣ። የኛ አገር ሣር አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ችግኝ መሸጫ ቦታ ዕቃ ልጭን ሄጄ በአበባ ማሰሮ የተተከለ ሣር አየሁ። ጭራው ነጭ ነው፣ ልስልስ ያለ፣ የጥንቸል ጭራ የመሰለ። ቀጠፍ አድርጌ ጉንጬ ላይ አሸት አሸት ሳደርገው አንድ ነገር ትዝ አለኝ ግን ስሙ ጠፋኝ። ወረቀቱን ሳነብ የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደጋ ነው ይላል። ፔኒሴተም ቪሎሰም ይሉታል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከብት ስንጠብቅ የረገጥነውን ሣር በ12 ዶላር ይሸጡታል። ክረምታቸውን ስለማይችለው በየዓመቱ አዲስ ይገዛሉ። የእማዬ የስፌት ስንደዶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስንደዶ መንገድ ዳር ቢተከል ያምራል፣ እማዬም ለመሶቡ ከደጇ ትነቅላለች።

የጓሳ ሣሩንም አስቡት። የእማዬ አገር መንዝ ነው፣ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የአያቴ ቤት ክዳኑ ጓሳ፣ ገመዱ ጓሳ፣ የእረኛው ገሳ ጓሳ ነበር። አሁን እዚህ በውድ የሚሸጡት ፌስኩ የሚባለው ሰማያዊ የጌጥ ሣር የጓሳ የቅርብ ዘመዱ ነው። ግን መንዝ ካለው ከጥብቁ የጓሳ ሜዳ ሄዳችሁ እንዳትነቅሉ። ያንን ሜዳ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ዘግተው እየጠበቁ፣ በስምምነት ብቻ እየከፈቱ ነው ለዛሬ ያደረሱት፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም የሚኖረው በሱ ነው። መሐል ሜዳ ያሉት አጎቴ በራሳቸው መሬት ዳር ካላቸው ሦስት አራት ሥር ይስጧችሁ። መጀመሪያ በዚያ ሞክሩት።

ሌላ ዛፍ መጨመር ካማራችሁ ኮሶ ትከሉ። ብርዱን ይችላል፣ ጃንጥላ ይመስላል። ዋንዛ ግን አይሆንም፣ ከ2,500 ሜትር በላይ እምብዛም አይወድም፣ እሱን ለሸዋ ሮቢት ሰዎች ተዉት። ባሕር ዛፍማ ግቢ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ውሃውን ይጨርሰዋል። ኮሶውን ከቤቱ መሠረት ስድስት ሜትር ያህል አርቁት፣ ከውሃ ቧንቧውም ከጎረቤት ቆርቆሮም እንደዚያው። አፈራችን መረሬ ስለሆነ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ እነዋሪ ገበሬው መደብ ሠርቶ እንደሚዘራው ከፍ ያለ መደብ ሥሩና እዚያ ላይ ትከሉት። ሐምሌ መጀመሪያ ይተከል፣ ውርጩ ሳይመጣ ሥሩ ይያዝ። ከጥቅምት ጀምሮ ሲመሽ በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ሁለት ዓመት እንዲህ ካደረጋችሁለት ከዚያ ወዲያ ራሱን ይችላል።

ወንድሜ፣ አዲሱ በረንዳ ጫፍ ከወይራው ግንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ለካልኝና ላክልኝ። ቅርንጫፉ ጣሪያውን ከነካ ያ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ይቆረጥ፣ እሱንም ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት ውጪ ነው የሚቆረጠው፣ ግንዱን እንዳይልጠው መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ መጋዝ ይግባበት። የሠራተኛውን ሒሳብ እኔ እልካለሁ። ለቆራጩ ቀብድ ሰጥተን ነበር ካላችሁም ይቅር፣ እሱንም እችላለሁ።

አባባ፣ እርስዎም አንድ ቃል ይናገሩ እንጂ፣ የአባትዎ ዛፍ ነው። እማዬ፣ አንቺም ዝም አትበይ።

ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል ብላችኋል። ዛሬውኑ ደውሉለት።

ናፋቂ ልጃችሁ
ከሜሪላንድ