አሮጌ የስፖርት መኪናና ከፍተኛ ኦክቴን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያሉት የቆዩ የስፖርት መኪኖች በቀላሉ የማይተኩ ሆነዋል። ባለቤቶቻቸውም ዕድሜያቸውን ለማራዘም ሲሉ የተባለውን ሁሉ ይገዛሉ፤ ከሚገዙት አንዱ በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የኦክቴን ማሳደጊያ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ «እኛ ዘንድ እንዲህ ላለ መኪና 98 ኦክቴን ነው የሚቀዳው» ያለ እንደሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። በመሐል አዲስ አበባ ለሚነዳ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ለሌለው አሮጌ ሞተር ይህ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ነው ብዬ ስለማምን ምክንያቴን እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

የኦክቴን ቁጥር የሚነግረን ቤንዚንና አየር በሲሊንደር ውስጥ ታምቀው ሲግሉ፣ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስባቸው በራሳቸው እንዳይፈነዱ ቤንዚኑ ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ እንዲህ ያለው ፍንዳታ መንኳኳት ይባላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል በ91ም ሆነ በ98 ያን ያህል አይለያይም፤ ስለዚህ በተራው ቤንዚን የማያንኳኳ አሮጌ ሞተር ከፍ ባለው ምንም አያተርፍም። መንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር የተገጠመላቸው ሞተሮች ታይሚንጋቸውን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ራሳቸው እያስተካከሉ ልዩነቱን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ በሚያከፋፍለው መሣሪያ) የሚሠራው ግን መካኒኩ ባሰረለት ልክ ይሄዳል።

ወደ ከተማችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚሞላው በዚህ በሳሳ አየር ስለሆነ ፒስተኑ ጨምቆ ሲጨርስ የሚፈጠረው ግፊት አነስተኛ ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ የመንኳኳት ዕድሉ ይቀንሳል። 1,600 ሜትር ላይ በምትገኘው በአሜሪካዋ ዴንቨር እንኳ፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል 87 የሆነው መደበኛ ቤንዚን በ85 ሲሸጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ የስፖርት መኪና የኤምጂቢ ሞተር የመጭመቂያ ምጣኔ (ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን የሚያምቅበት እጥፍ) 8.8 ለ1፣ የፊያት 124 ስፓይደር ባለ 1,438 ሲሲ ሞተር ደግሞ 8.9 ለ1 ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች የፋብሪካ መጽሐፋቸው ለባሕር ጠለል ካዘዘላቸው ያነሰ ኦክቴን ቸርችል ጎዳና ላይ ይበቃቸዋል። መጽሐፉ ሲነበብም የየትኛው ገበያ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው ቁጥር የሁለት ፍተሻዎች አማካይ ሲሆን የአውሮፓው ከሁለቱ ከፍተኛውን ብቻ ስለሚወስድ የአሜሪካው 91 ከአውሮፓው 95 ወይም 96 ጋር የሚቀራረብ ነው።

«መኪናዬ ዳገት ላይ ደከመብኝ፤ ቤንዚኑ ነው» የሚለው ቅሬታ መነሻው ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡረተር ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡረተሩ ለባሕር ጠለል በተለካች ቀዳዳ ቤንዚን ማሳለፉን ስለሚቀጥል ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይበቃል፤ ነጩ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ጥቃቅን የሚያብለጨልጩ የአሉሚኒየም ነጥቦች ከታዩበት ግን ሞተሩ እያንኳኳ ፒስተኑ እየተበላ ስለሆነ በአስቸኳይ ጋራዥ መግባት አለበት። ለጠርሙሱ የሚወጣው ገንዘብ ካርቡረተሩን ለከፍታችን ለማስለካትና ታይሚንጉን በመብራት ለማሳሰር ቢውል ዳገቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

የጠርሙሱም ጽሑፍ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። «30 ነጥብ ይጨምራል» ሲል ብዙውን ጊዜ 10ሩን ነጥብ እንደ አንድ የኦክቴን ቁጥር ቆጥሮ ነውና ጭማሪው 3 ብቻ ነው፤ ያውም በታዘዘው መጠን ከተቀላቀለ። ማንጋኒዝ ወይም ብረት ያለባቸው ደግሞ ካንዴላው ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ሽፋን ይተዋሉ። ቫልቭ ይጠብቃል እየተባለ መሸጡ በተለይ ያሳዝነኛል። በድሮው ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ኦክቴን ከማሳደጉ ሌላ የቫልቭ መቀመጫ እንዳይበላ ይከላከል ነበር፤ ከፍተኛ ኦክቴን በራሱ ግን ይህን ጥበቃ አይሰጥም። ሥጋቱ ያለበት ሰው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) በሚወርድበት ጊዜ ጠንካራ መቀመጫ ቢያስገባ ይሻለዋል።

ከፍተኛ ኦክቴን በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሞተሮች አሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ራሱ አምቆ ስለሚሞላ ከፍታው እንደ ሌሎቹ አያሳርፈውም፤ ለውድድር ተብሎ የመጭመቂያ ምጣኔው ከ10 በላይ የተደረገም እንዲሁ። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰውም አየሩ እየወፈረ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ስለሚሄድ ጆሮውን ከሞተሩ ማራቅ የለበትም። የተጠራጠረ ሰው ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን ዳገት በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ ይዞ ነዳጅ ይስጠው። ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለ ድምፅ ከሰማ ያ መንኳኳት ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ ታይሚንጉና ራዲያተሩ ይታዩ።

በማደያዎቻችን የቤንዚን ዋጋ በይፋ ሲነገር የኦክቴን ቁጥሩን ግን እኔ በምቀዳባቸው ፓምፖች ላይ ተጽፎ አላየሁም። በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚገባው ነዳጅ በጥራት መግለጫ የሚገዛ ስለሆነ ቁጥሩ ለገዢው የታወቀ ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይህ ቁጥር በየፓምፑ እንዲለጠፍ ቢያደርግ ባለ መኪናው ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ይወስናል፤ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን፣ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ ክፉኛ የሚወርደውን ቤንዚን ከመግዛት የሚቆጠብበት ምክንያትም ያገኛል። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለባለሥልጣኑ እንዲያቀርብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ