ቅዳሜዬን የምሰጣቸው ልጆች

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ለተከበሩ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃንን ማለዳ ማለዳ ነጭ ቢያለብሳትም፣ እርስዎ የሰጡኝ ባና ሌሊቱን ያሻግረኛል። የገብሱ አጨዳ መጀመሩንም እኅቴ በስልክ ነግራኝ ደስ ብሎኛል።

ለመስቀል በመጣሁ ጊዜ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ሳለ የጠየቁኝን ነገር በቅጡ ሳልመልስ መኪናው ደረሰብኝና ተነሣሁ። «ደመወዝ የማይታሰብበትን ሥራ፣ ያውም ቅዳሜሽን ትተሽ፣ ከተማሪ ጋር ስትሰበሰቢ የምትውዪው ምን አገኝበታለሁ ብለሽ ነው?» አሉኝ፤ ጥቂት ቆይተውም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ደግሞስ ተማሪ ተሰብስቦ ለማን በጀ?» አሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ብርሃን እስክገባ ድረስ ከጆሮዬ አልወጡም። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ በደብዳቤ ልመልስልዎ ወደድሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁና። የእርስዎ ትውልድ «የተማሪዎች ማኅበር» ሲባል የሚታየው በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ የወጡት፣ በታኅሣሥ 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው የተገደለበት፣ ከዚያም በቀይ ሽብር ዘመን ከየቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱት ልጆች ናቸው። በ1967 ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ሲበተኑ እኛ መንደር የደረሱትን በዓይንዎ አይተዋል፤ ጢም ያላወጡ ልጆች ስለ አባቶች ርስት ሊፈርዱ መጡ ተብሎ ምን ያህል እንደተጉረመረመም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። ነገር ግን አባባ፣ ፊደል ያስቆጠረዎትም ከእነዚያው አንዱ እንደነበረ የነገሩኝ እርስዎው ነዎት። የእድሩን መዝገብ ዛሬም በገዛ እጅዎ የሚጽፉት በዚያ ልጅ ምክንያት ነው፤ ስሙን ባነሡ ቁጥርም ነፍስ ይማር ማለትን አይዘነጉም።

እኔ የማማክረው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከዚያ ዘመን ማኅበር ጋር ብዙም አይመሳሰልም። 40 ያህል አባላት አሉት፤ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በየዓመቱ በድምፅ ይመርጣል፤ ብርቱ ክርክር የሚነሣውም ተማሪው ለክረምት ወደየአገሩ ሲበተን የተተከለውን ችግኝ ከፍየል ማን ይጠብቀዋል በሚለው ላይ ነው። አንድ ቀን መጥተው ከኋላ ቢቀመጡ የሚያስገርምዎ እድር መምሰሉ ይሆናል። የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደ ሰበብ ይደረድራል፣ ገንዘብ ያዡ ሲጠየቅ ይቆጣል፣ በመጨረሻም ሁሉም ለመሄድ ሲቸኩል ዋናው ጉዳይ ይነሣል።

ምን አገኝበታለሁ ወዳሉኝ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናዘዝልዎ። አማካሪ በሆንሁበት በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ነገር የሠራሁት እኔው ነበርሁ። ዕቅዱን አወጣሁ፣ የበጀት መጠየቂያውን ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ችግኝ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ተመላለስሁ፣ ስብሰባው ላይ ዝም ሲባልም ዝምታውን ሞላሁት። ልጆቹ ያዘዝኋቸውን በትሕትና ፈጸሙ፤ ሥራው አማረ፣ ተመሰገንን፣ እኔም በልቤ ኮራሁ። በማግሥቱ ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሄድሁ። ተምሬ ስመለስ ከክበቡ የጠበቀኝ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ማኅተምና አጥር ሥር የደረቀ ችግኝ ነበር። ያለ እኔ እንዲቆም አድርጌ አላዘጋጀሁትም ነበርና ማንንም ልወቅስ አልቻልሁም።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አልነገርሁዎትም። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ 23 ተማሪዎች ይዤ ወደ ጓሳ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል። ልጆቹ የመጡት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ነበር፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ብርድ ግን ፎቶ ማንሣቱን ቶሎ አስተዋቸውና በእርስዎ ዙሪያ ተኮለኮሉ። እርስዎም የአስቦና የጌራ ተወላጆች ያን ጓሳ የሚባለውን ሣር ለ400 ዓመታት ያህል እንዴት በጋራ እንደጠበቁት፣ ደርሶ እስኪከፈት ድረስ ከብት እንዳይገባበትና ማጭድ እንዳይነካው ለዓመታት ይታገድ እንደነበረ፣ ሲከፈት ደግሞ ለቤት ክዳን፣ ለገመድም የሚሆነውን እያንዳንዱ በድርሻው ያጭድ እንደነበረ አጫወቷቸው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላ ጓሳው እንዴት እንደተጎዳ፣ ሕዝቡም ቆይቶ ኮሚቴ አቁሞ እንዴት እንደገና መጠበቅ እንደጀመረ ነገሯቸው። ይኼኔ አንዱ ተማሪ «በተዘጋባቸው ዓመታት ጠባቂዎቹ ለሣሩ ምን ያደርጉለት ነበር?» ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም ፈገግ ብለው «ምንም! ሌባና ከብት ይከለክሉለታል እንጂ ሣር ማብቀል የእነሱ ሥራ ነው እንዴ?» አሉት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ለእኔ የተነገረ መሰለኝና ሳቁ አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ ደንብ ሊጥሱ ሲሉ እከለክላለሁ፣ ከዚያ በተረፈ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ባለፈው ዓመት ከክበቡ መዋጮ 640 ብር ጎደለ ተባለና ስብሰባው ታወከ። ገንዘብ ያዡ ለሥራ አውጥቼዋለሁ ይላል፣ ደረሰኝ ግን የለውም፤ ሌሎቹ ጥርጣሬያቸውን በግልጽ ባይናገሩትም በፊታቸው ይነበብ ነበር። እኔ ነገሩን አስታውሰዋለሁ፤ ችግኙን ከማፍያው ለሚያመላልሱ ጋሪዎች እንዲከፈል ክበቡ ራሱ የወሰነው ነበር፣ ባለ ጋሪ ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም። አንድ ቃል ብናገር ጉዳዩ በደቂቃ ያልቅ ነበር። ልጁን በሌብነት ሊያስወጡት ሲሉ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ወሰንሁና አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ምላሴን ነክሼ ተቀመጥሁ።

ነገሩን የፈታችው ጸሐፊዋ ነበረች። ይህች ልጅ ከደቡብ የመጣች ናት፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች አማርኛዋ ስለማይሞላላት ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምፅዋን ሰምተነው አናውቅም ነበር። ጸሐፊ ስትመረጥ እኔም ተሳስተዋል ብዬ አዝኜ ነበር። ያን ቀን ግን ቃለ ጉባኤውን ይዛ ተነሣች፤ ሁሉም እየተንጫጫ ገጽ በገጽ ወደ ኋላ አነበበችና ውሳኔውን ከነቀኑ አገኘችው። ከዚያም እጅዋ እየተንቀጠቀጠ «እዚህ ያለን ሁሉ እጃችንን አውጥተን የወሰንነው ነው፤ አሁን የምንጠይቀው ራሳችንን ነው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ወዲያውም ደረሰኝ በማይገኝበት ወጪ ላይ ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙ የሚል ደንብ ራሳቸው አረቀቁ። እርስዎ በእድሩ ለድንኳን ተሸካሚዎች የሚከፈለውን እንደዚያው በምስክር እንደሚመዘግቡ አልነገርኋቸውም፤ ራሳቸው ደረሱበት።

ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስሄድ የተሰማኝን ደስታ የፈተና ወረቀት ሳርም ተሰምቶኝ አያውቅም። ይህችው ልጅ በእኔው ትምህርት ያመጣችው ውጤት መካከለኛ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ብቻ ባገኛት ኖሮ መካከለኛ ተማሪ ብዬ ረስቻት ነበር። በፈረንጆች 1984 አሌክሳንደር አስቲን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር፣ ተማሪ ከትምህርቱ የሚያተርፈው በጊዜውና በጉልበቱ ራሱ በተሳተፈበት ልክ ነው የሚል ጽንሰ ሐሳብ ጽፏል። «ይህን ለማወቅ ያን ያህል መማር ያስፈልግ ኖሯል?» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ ቢሉኝም አልከራከርዎትም። እኔ የምጨምረው ነገሩ በአማካሪው ላይም መሥራቱን ነው። ክበቡን ከያዝሁ ወዲህ ክፍል ውስጥ የማስተምርበት መንገድ ተለውጧል፤ ጥያቄ ጠይቄ መልሱን እስኪያገኙት መታገሥ ችያለሁ፣ የሚያንቀላፋው ልጅ ሰነፍ ይሁን ወይም ለቤተሰቡ የሚልከውን ብር ለማግኘት ማታ ማታ የሚሠራ ይሁን ለይቼ አውቃለሁ።

ሁሉም እንዲህ ያማረ ነው ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። የምስክር ወረቀት ለመያዝ ብቻ ስማቸውን አስመዝግበው ደግመው የማይታዩ አሉ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ማን የማን አገር ልጅ ነው የሚለው ሹክሹክታ ይነሣል፤ እርሱን ለማብረድ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ለማዕረግ እድገትም ይበልጥ የሚመዝነው የታተመ ጥናት ስለሆነ፣ ቅዳሜዋን ለምርምሯ የሰጠች ባልንጀራዬ ቀድማኛለች። ይህ አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ አልዋሽዎትም። ግን እርስዎስ አባባ፣ ለዚያ ሁሉ ዓመት የእድር ዳኛ ሆነው ሲያገለግሉ ምን ተከፈለዎት? በክረምት ሌሊት ለቀብር ሲጠሩ እማማ «ሌላ ሰው የለም ወይ?» ስትልዎ ምንም ሳይመልሱ በትርዎን ይዘው ይወጡ እንደነበረ አልረሳሁም።

ባለፈው ሳምንት የቀድሞው ሰብሳቢያችን ደወለልኝ። አሁን በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ የተራቆተ ተራራ ከከብት ንክኪ እንዲጠበቅ ከገበሬዎች ጋር መተዳደሪያ ደንብ እያወጡ ነው አለኝ። የደወለው ግን እኔን ፈልጎ አልነበረም። «መምህርት፣ አባትዎ ጓሳ ላይ የነገሩን፣ ደንብ ጥሶ ያጨደ ሰው ምን ነበር የሚቀጣው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ያን ቀን ሌላ ሐሳብ ይዞኝ ስለነበር አላስታወስሁትም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።

ስለዚህ እኅቴ ደብዳቤውን ስታነብልዎ መልሱን ይንገሯትና በስልክ ትላክልኝ፤ ልጁ ስብሰባው በሚመጣው ሳምንት ስለሆነ ይቸኩላል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ በጥር አዲሶቹን አባላት ይዤ እመጣለሁ፤ ጸሐፊዋም ከእነርሱ ጋር ናት፣ የእድሩን መዝገብ ማየት ትፈልጋለች። በጉን እንዳያሳርዱ አደራ፤ ቆሎና ሻይ ይበቃቸዋል።

ጉልበትዎን በመሳም፣
ልጅዎ