ከመነሳቴ በፊት ደውሉልኝ
ከሐይቅ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፣
በተለይም የካንሰር ሕክምናን ለሚከታተለው ክፍል፣

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ሥራዬ አይደለም። የምጽፈው ለካንሰር ሕክምና ሩቅ መንገድ ከመነሳቴ በፊት እንዲደወልልኝ ለመጠየቅ ነው። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው 11ኛ ክፍል ያለችው ልጄ ናት። እስክሪብቶ ስይዝ ጣቴ አልታዘዝ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሕመሜ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። የታመመው አንጀት ተቆርጦ ወጥቷል። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሰጠኝ የተረፈ ካለ እንዲያጠፋ ነው ብለውኛል። ከሰገራዬ ጋር ደም እያየሁ ከዓመት በላይ ዝም አልኩ። ኪንታሮት ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይነገርማ! ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ቀበቶዬ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ከበሳሁ በኋላ ነው። የሰው ወገብ ስለካ እየዋልኩ የራሴ ወገብ ሲቀጥን አላየሁም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክም ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። በደንብ አልመረመረኝም። እኔም ብሆን መስማት የፈለግኩት ያንኑ ነበር።

«ለምን ደሴ አትታከምም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ቀዶ ሕክምናው የተሠራልኝ አዲስ አበባ ነው። የናሙናው ውጤት የወጣው እዚያ ነው፣ ፋይሌም እዚያ ነው። የጀመረኝን ሐኪም መሃል ላይ መለወጥ ፈራሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ልከሰው አይደለም የምጽፈው።

ኬሞዬ ሁለት ነው። አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ይባላል። ከጉሉኮስ ጋር ተቀላቅሎ በደም ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል። ሌላው ካፔሲታቢን የሚባል ክኒን ነው፣ ቤቴ ይዤው እመጣለሁ። ጠዋት 3፣ ማታ 3 ፍሬ፣ ምግብ በበላሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። 14 ቀን ተውጦ 7 ቀን ይታረፋል። 84 ፍሬ ማለት ነው። 21 ቀን ሲሞላ እንደገና ጉዞ። ይህ 8 ጊዜ ይደጋገማል። እኔ 5 ጨርሻለሁ።

ሐኪሙ «ቀዝቃዛ ነገር እንዳትነካ፣ ቀዝቃዛ እንዳትጠጣ» ሲለኝ ቀላል ነገር መሰለኝ። የወሎ ደጋ ሰው ብርድ ይፈራል እንዴ? ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ተነስቼ የመታጠቢያውን ኩስኩስት ባነሳ ውኃው ጣቴን እንደ መብራት ነዘረኝ። ኩስኩስቱን ለቀቅሁት። ቀዝቃዛ ውኃ አንዴ ብጎነጭ ጉሮሮዬ የተዘጋ መሰለኝ፣ ትንፋሼን የማጣ ያህል ደነገጥኩ። የበር እጀታ ይነዝራል። የሱቄ መቀስ ይነዝራል። ያቺ 20 ዓመት አብራኝ የሠራች መቀስ! አሁን ባለቤቴ በየሶላቱ ውኃ ታሞቅልኛለች። ሸሁን ብጠይቃቸው ውኃው የሚጎዳህ ከሆነ ተየሙም፣ በውኃ ፈንታ በአፈር መታጠቡ፣ ይበቃሃል አሉኝ። እሷ ግን ማሞቋን አልተወችም።

አሁን ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። ደብዳቤው የተጻፈው ለመንገዱ ነውና።

ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ያህል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአንድ ቀን ይገባል። ሰላም ባልሆነ ጊዜ ደግሞ መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ወሬ መጠበቅ ነው። ስሄድ ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቴ ወጣ ብሏል። ችግሩ መመለሱ ነው። ኬሞውን ወስጄ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ብርዱ የሚነዝረኝ ዋናው ሰሞን ያ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ይሞላዋል። ጓንት አድርጌ፣ ጋቢ ደርቤ፣ አፌን በፎጣ ሸፍኜ እቀመጣለሁ። ከፊቴ ያለውን ወንበር ብረት እንዳልነካ እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ነው እንዴ?» ብሎኝ እኔም ሳቅሁ። ደብረ ሲና ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ፎጣውን አነሳለሁ። ከሚሴ ስንደርስ ጓንቴን አወልቃለሁ። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ደሴ ስንወጣ መልሼ አጠልቃለሁ።

ከዚያ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከአልጋ አልነሳም። ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ ክኒን አለ፣ ይረዳል፣ ግን የምግብ ሽታ ያሸንፈዋል። ሐይቅ ተወልጄ፣ የሐይቁን ዓሣ ቆሮሶን እየበላሁ አድጌ፣ አሁን ጎረቤት ዓሣ ሲጠበስ በር አስዘጋለሁ። አጥሚት እጠጣለሁ፣ ሽሮ አልጫ ተደርጎ ይሠራልኛል። በርበሬ አፌን ያቃጥለኛል። በጨው ውኃ ጠዋት ማታ እጉመጠመጣለሁ። ቡና ግን ምን ላድርገው? ጣዕሙ የዛገ ቆርቆሮ ሆነብኝ። ጎረቤቶቼ ክርስቲያኑም እስላሙም አቦሉን እኔ ቤት ካልጠጣን ብለው ይመጣሉ። አብሽር፣ አብሽር ይሉኛል። ስኒውን ይዤ የጠጣሁ እመስላለሁ።

ስለ ጠያቂም አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይቀርም። ቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድራችን፣ ተሰብስቦ መጥቷል፣ ወደጃ የሚባለው የኅብረት ዱዓ ተደርጎልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ነገር ግን ኬሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ያወርዳል፣ የሌላው ጉንፋን ለእኔ ሆስፒታል መግባት ሊሆን ይችላል። እጄን ሊስም የመጣን ሰው «ጉንፋን አለብህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሐኪሙ ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ይህን ሥራ ተረክባዋለች። ከሁለት ዘመዶች ጋር ተኳርፋለች።

መጀመሪያ ላይ ጣቴ አልታዘዝ ይለኛል ያልኩት ለዚህ ነው። ክኒኑ መዳፌንና የእግሬን ውስጥ ያቀላዋል፣ ይልጠዋል። በደም ሥር የሚንጠባጠበው ደግሞ ዙር በጨመረ ቁጥር ጣቴን ያደነዝዘዋል። መጀመሪያ ብርድ ሲነካኝ ብቻ ነበር፣ አሁን ሙቀትም ላይ አይለቅም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አልችልም። ቁልፍ ስተክል መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ደም ካላየሁ አላውቅም። ክሩን የሚያስገባልኝ ሥራ የማስተምረው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ልያዘው» ሲለኝ መጀመሪያ ሰሞን ተቆጣሁት። አሁን ዝም ብዬ እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ሦስተኛው ዙር ላይ አዲስ አበባ ገብቼ፣ በማግስቱ ጠዋት ደም ሰጥቼ፣ ከሰዓት ውጤት መጣ። ነጭ የደም ሴሌ ወርዷል። ኒውትሮፊል የሚሉት የነጭ ደም ሴል ዓይነት ከ1500 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ኬሞ አይሰጥም፣ ይገፋል። ልክ ናቸው፣ ቢሰጡኝ ሊገድለኝ ይችል ነበር። «ከሳምንት በኋላ ና» አሉኝ። ቤቴ 400 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ኮልፌ የአጎቴ ልጅ ጋ አንድ ሳምንት ተቀመጥኩ። እሱም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ልጆቹን ወለል ላይ አስተኛ።

አራተኛው ዙር ላይ ደሜ ጥሩ ሆነ፣ መድኃኒቱ ግን አልቋል ተባለ። ከውጭ ግዛ ተባልኩ። ጓንቴን አጥልቄ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ የለም ይላል፣ ሌላው አለ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ስፌት መኪናዬ ትዝ አለችኝ። መድን አለኝ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ሪፈሬም የተሟላ ነበር። የገዛሁበት የግል ፋርማሲ ደረሰኝ ግን ገንዘቡን የሚመልስልኝ አጥቶ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው። አጠገቤ ኬሞ የምትወስድ ከወረኢሉ የመጣች ሴት መግዣ ስላልነበራት ሳትወስድ ተመለሰች። ጣርማበርን በባዶዋ ሄዳ በባዶዋ ተመለሰች ማለት ነው።

አምስተኛው ዙር ላይ አንዲት ነርስ ነገሩን ገለባበጠችው። «ለምን ደምህን እዚያው አትሰጥም? ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ እኮ የትም ይሠራል። ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ» አለችኝ። የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ቀጠሮዬ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ደሴ ሄጄ ደም ሰጠሁ፣ ልጄ ወረቀቱን አንስታ ላከች። በነጋታው ነርሷ ደወለች። «ደምህ ጥሩ ነው። መድኃኒቱም ገብቷል፣ አይቻለሁ። ና» አለችኝ። ሄድኩ፣ ወሰድኩ፣ ተመለስኩ። አንድም ቀን አልባከነም። በአምስት ዙር አንድ ጊዜ ሰው ሆኜ የታከምኩ ያን ጊዜ ነው።

ይህቺ ልጅ ይህን የምታደርገው በራሷ ካርድ፣ ሥራ ከወጣች በኋላ ነው። ትዳር ይዛ ብትሄድስ? ሌላ ክፍል ብትዛወርስ? እሷን ለማመስገን አይደለም የምጽፈው፣ ምስጋናዬን በዱዓዬ ጨርሻለሁ። እሷ በደግነት የምትሠራውን እናንተ የመሥሪያ ቤት ሥራ አድርጉት ነው የምላችሁ።

በእኛ ሙያ አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል። አሁን ያለው አሠራር መጀመሪያ ይቆርጥና ከዚያ ይለካል። ሰውየው 400 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ደሙ ይታያል፣ መድኃኒቱ ይቆጠራል። ይህ ይገልበጥልን። ኬሞ የሚሰጥ ሆስፒታል ሁሉ አንድ የታወቀ ስልክና ስልኩን የሚያነሳ አንድ ሰው ይኑረው። ታካሚው ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር ደሙን ቤቱ አጠገብ ባለ ሆስፒታል ይስጥ፣ ውጤቱ ይላክ። ለመጪው ሳምንት የተቀጠሩት ሰዎች መድኃኒት መደርደሪያ ላይ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ከዚያ ይደወል። «ና» ወይም «ቆይ»። ማሽን ግዙ፣ ሕንፃ ሥሩ አላልኩም። እሱንም ብትሠሩ ደስ ይለኛል፣ ግን ለስድስተኛው ዙሬ አይደርስልኝም።

ስልኩ ደግሞ ከእኛ ወደ እናንተም ይሥራ። በሁለተኛው ዙር፣ ኬሞ በወሰድኩ በአሥረኛው ቀን ሌሊት ትኩሳቴ 38 አለፈ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ከነካው ሰዓት ሳያባክን ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የማን ዘንድ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። አቅራቢያችን ያለ ጤና ተቋም ሄድን። ተረኛው ጉንፋን ነው ብሎ ፓራሲታሞል ሰጠኝ። ልጄ ወረቀቱን እያሳየች ስትከራከር ነው አንቲባዮቲክ የተጀመረልኝ። 11ኛ ክፍል ያለች ልጅ ሐኪም ስታሳምን ማየት ያኮራል ልበል ወይስ ያስፈራል፣ አላውቅም። ያን ሌሊት ተረኛው ደውሎ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ቢኖረው ምን ነበረበት?

አይቻልም እንዳትሉኝ። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሰዉ ከተማ ሆስፒታል ድረስ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ድረስ ወርዷል፣ ደህና የሆነው ታካሚ የብዙ ወር መድኃኒት ይዞ ቤቱ ይገባል። የጤና መድኑም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው እኛ ጋ የደረሰው። ይህንንም በትንሹ ሞክሩት። ከወሎ ጀምሩት ብል አዳልተሃል እንዳትሉኝ እንጂ፣ ደሴ ላቦራቶሪ አለ፣ ስልክ አለ፣ ታካሚም ሞልቷል።

ስድስተኛው ዙሬ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሰኞ ጠዋት ደሴ ሄጄ ደም እሰጣለሁ። ልጄ ፎቶውን ለዚያችው ነርስ ትልካለች። ማክሰኞ ስልኬን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ረቡዕ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ልሁን ወይስ ቤቴ ልደር የምታውቀው እስካሁን እሷ ብቻ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ