የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት

መስከረም ላይ ስንጀምር ክበባችን የነበረው አንድ ደህና ዴስክቶፕ ነው። ሌሎቹ ለስም ያህል አሉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ያም የለም፤ ስለዚህ ብዙውን ትምህርት ሰሌዳ ላይ ነው ያስኬድነው።

የዓመቱ ትልቅ ሥራ የመጣው ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። የወላጆች ቀን ቪዲዮ ሊያቀናብሩ እኛ ጋ መጡ። ማሽኑ በየደቂቃው ስታክ ያደርጋል። ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ የሚሠራበትን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ 8 ጊጋ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች ቅሬታ ሌላ ነው፤ የኳሱ ጌም ይንተባተባል። (ዓርብ ከክበብ በኋላ ጌም እንደምፈቅድ በዚሁ ለርዕሰ መምህሩ ተናዘዝኩ።)

ተጨማሪ ራም ልንገዛ ብር አዋጣንና ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ቀያይረን መርካቶ ወረድን። ባለሱቁ የራሙን ፍጥነት እየጠራ "3600 አለ፣ ከ3200ው ይፈጥናል፣ እሱን ውሰዱ" አለን። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። ሰሌዳ ላይ ስንሠራው የከረምነው ነው፦ ሲ ኤል የሚለውን፣ ራሙ መልስ ለመስጠት የሚዘገይበትን ቁጥር፣ በ2000 አባዝተህ ለፍጥነቱ ታካፍላለህ። 3200 በሲ ኤል 16፣ 10 ናኖ ሰከንድ። 3600 በሲ ኤል 18፣ ያው 10። "ቲቸር፣ መዘግየቱ እኩል ነው!" አለች። አዲሱ የራም ትውልድ፣ ዲዲአር 5 ባለ 6000ውም በሲ ኤል 30 እዚያው 10 ላይ ነው። በሰከንድ የሚያመላልሰው ዳታ ግን በጣም ይበልጣል። ለእኛ ዲዲአር 4 ቦርድ ግን ምን ያደርግልናል? ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ እንኳ አይገባም። 3600ውም ቢሆን ባለ 3200 ከሆነው ከነባሩ ጋር ሲጣመር በ3200 ነው የሚሄደው። የነባሩን አምሳያ ባለ 8 ጊጋ ገዝተን ተመለስን።

ከነባሩ ጎን ሰካነው። ቪዲዮው ወዲያው ቀለለ፤ 16 ጊጋ ሆነዋ። ጌሙ ግን ያው። እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገባኝ።

የደረሰበት የራሞቹን እግር በላጲስ የሚያጸዳልን የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ቦርዱ ላይ የተጻፈችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ መብራት አነበበ። ስሎቶቹ "ኤ" እና "ቢ" በሚባሉ ሁለት የዳታ መንገዶች የተከፈሉ ናቸው፤ ሁለቱም ራሞች "ኤ" ላይ ተሰክተዋል፤ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ ማለት ነው። ነቅሎ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ፣ አንዱን "ኤ" አንዱን "ቢ" ላይ፣ ሰካቸው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ባዮስ (የማሽኑን መሠረታዊ ቅንብር) ስንከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ፦ 3200 ብለን የገዛነው በ2133 እየሄደ ነው! ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስ ኤም ፒ የሚባለውን ቅንብር ማንም አላበራውም። አበራነው። ግራፊክስ ካርድ ስለሌለን ምስሉም ከራሙ ነው የሚቀዳው፤ መንገዱ ሲሰፋ ኳሱ መንተባተቡን ተወ።

ለከርሞ የጠየቅነው አንድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ ነው።