ቲኬት ላልቆረጠ ሰው የተነጠፈ እምነ በረድ

ኦስሎ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቀኑ አጥሯል፤ ጠዋት በጨለማ ወጥቼ ማታ በጨለማ እገባለሁ። አንቺ ግን አዲስ አበባ ፀሐይ ላይ ነሽና ደስ ይለኛል።

ብዕር ያነሣሁት እሑድ በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። የክፍል ጓደኞችሽ «የስካንዲኔቪያ፣ የእነ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ፣ ዲዛይንና ኪነ ሕንፃ ይህን ያህል የሚደነቀው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ መልስ አጣሁ አልሽኝ። አንደኛው «ነጭ ግድግዳና ባዶ ክፍል ብቻ ነው» ሲልም ዝም እንዳልሽ ነገርሽኝ። አልፈርድብሽም። የተወለድሽበትና ያደግሽበት ስለሆነ ዓይንሽ ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን በሃያ ሰባት ዓመቴ አንድ ሻንጣ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱን በርና ወንበር በእንግድነት ነው የተዋወቅሁት። አርክቴክት ባልሆንም እስቲ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከወንበርሽ ልጀምር። ነፍሰ ጡር ሳለሁ አብራኝ የምትሠራ ሴት ልጇ ያደገበትን የእንጨት ወንበር ሰጠችኝ። ሁለት ያዘመሙ የጎን እንጨቶች አሉት፤ በውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች ቦይ ቦይ ሆነው ተቦርቡረዋል። በቦዮቹ ውስጥ ሁለት ጣውላዎች ይገባሉ፤ አንዱ መቀመጫ፣ ሌላው እግር ማሳረፊያ ነው። ልጁ ባደገ ቁጥር ብሎኑን አላልቶ ጣውላውን አንድ ቦይ ዝቅ ማድረግ ነው። ፔተር ኦፕስቪክ የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1972 የሠራው ነው (ዓመቱን ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፤ ስሙም ትሪፕ ትራፕ ይባላል። የገዛ ልጁ የሕፃን ወንበር ጠቦት፣ በትልቅ ሰው ወንበር ላይ ደግሞ እግሩ ተንጠልጥሎ ክንዱ ከጠረጴዛው አልደርስ ሲለው አይቶ ነው ያሰበው። ይኸው እስከ ዛሬ ይመረታል።

እኔ ባደግሁበት ቤት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ገበታ አይቀርብም ነበር። ኩራዝ ይዘን እንቆማለን፣ እጅ እናስታጥባለን፣ ትልልቆቹ ሲነሡ የተረፈውን እንበላለን። ሥርዓታችን ነበርና በወቀሳ አላነሣውም፤ ትዕግሥትንም አስተምሮኛል። ነገር ግን አንቺ ገና ዓመትሽን ሳትደፍኚ በዚያ ወንበር ላይ ሆነሽ፣ ዓይንሽ ከዓይኔ እኩል ሆኖ፣ ገንፎሽን እየጠበቅሽ ጠረጴዛውን በመዳፍሽ ስትመቺ ሳይ፣ የማላውቀው ሰው ስለ አንቺ ቁመት ተጨንቆ እንደነበር ገባኝ። ልጄን ገና ሳትወለድ ያሰበላት ባለሙያ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ አገር የሚያውቀኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበርና ልቤን ነካው።

በሥራ ቦታዬም ይኸው ነው። አረጋውያኑ ዳቦ የሚቆርጡበትን ቢላዋ ታስታውሻለሽ? እጀታው እንደ መጋዝ እጀታ ቀጥ ብሎ የቆመው። ማሪያ ቤንክትሶንና ስቬን ኤሪክ ዩህሊን የተባሉ ስዊድናውያን በ1970ዎቹ ያወጡት ንድፍ ነው። እንደዚያ ሲያዝ የእጅ አንጓ አይታጠፍም፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙ ሰዎች ጉልበታቸው ከክንዳቸው ስለሚመጣ ዳቦውን በራሳቸው ይቆርጣሉ። አንዲት እናት ለረጅም ጊዜ ሰው እየቆረጠላት ስትበላ ኖራ፣ በዚያ ቢላዋ የመጀመሪያውን ቁራሽ ከቆረጠች በኋላ ሳትበላው ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ በላሁት። ውበት ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁሽ ይህንንም ንገሪያቸው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያረጀ አሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1919 ግሬጎር ፓውልሶን የተባለ ስዊድናዊ «የዘወትር ዕቃዎች የበለጠ ውብ ይሁኑ» የሚል መልእክት ያለው ጽሑፍ አሳተመ። ሠራተኛው ቤተሰብ የሚበላበት ሳሕንና የሚጠጣበት ኩባያ ጥሩ ባለሙያ የነደፈው ይሁን ነው ነገሩ። የዛሬዎቹ ከዚያ አሳብ ብዙ አልራቁም፤ ያሰፉት ይመስለኛል። ሳሕኑን ወደ አደባባይ አወጡት።

አሁን ወደ ኦስሎ ኦፔራ ቤት፣ በዘፈን የሚቀርብ ትያትር ወደሚታይበት ሕንፃ፣ ልውሰድሽ። በተከፈተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ አምስት ዓመትሽ ነበር። ቦታውን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር፤ ኮንቴይነር የሚከማችበት፣ አውራ ጎዳናው ከመሀል ከተማ የለየው ወደብ ነበር። «ኦፔራ ለእኛ ዓይነት ሰው አይሆንም» ብዬ ለመሄድ አልፈለግሁም፤ ግን ሰኔ ላይ አንድ ብሩህ ቀን ይዤሽ ወጣሁ። ሕንፃው ከባሕሩ የወጣ ይመስላል። ጣሪያው እንደ ተዳፋት ሜዳ ወርዶ ወርዶ ውኃውን ይነካል፤ የለበሰውም ከኢጣሊያ፣ ከካራራ የመጣ ነጭ እምነ በረድ ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ ማንም ይወጣል። አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ ሽቅብ ሮጥሽ፤ እኔ «ተመለሺ፣ ይቆጡናል!» እያልሁ ተከተልሁሽ። የሚቆጣ አልመጣም። ጫፉ ላይ ደርሰን ቁጭ ብለን ዳቦያችንን በላን፤ ከእግራችን ሥር በጣሪያው ውስጥ ሰዎች ለምሽቱ ዝግጅት ይለማመዱ ይሆናል፣ እኛ ከላያቸው ፀሐይ እንሞቃለን።

ልጄ፣ እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው እምነ በረድ በባንክ መግቢያና በትልልቅ ሆቴሎች ወለል ላይ ያለውን ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ዳር ዳሩን ተጠንቅቆ የሚያልፈውን። እዚህ ግን የሕንፃው ውድ ድንጋይ ቲኬት ላልቆረጠ ሰው እግር ተነጥፎ አገኘሁት። ስለ ስካንዲኔቪያ ኪነ ሕንፃ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የሌላው አገር አርክቴክትም የሚያምር አዳራሽ መሥራት ያውቅበታል፤ ምርጡን ክፍል ለማይከፍል መንገደኛ መስጠት ግን ትልቅ ውሳኔ ነው፤ በጀት ያጸደቁትም አብረው ወስነዋል።

ንድፉን ያወጣው በኖርዌይ ተራራ ስም የተሰየመው ስኖሄታ የተባለው ቢሮ ነው። በ2009 በታዋቂው አርክቴክት በሚስ ቫን ደር ሮኸ ስም የሚሰጠውን የአውሮፓ ኅብረት የኪነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቶበታል። ቢሮው መጀመሪያ ስሙ የተጠራው ግን በአፍሪካ ምድር መሆኑን ጓደኞችሽ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ የግብፁን የአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ውድድር በ1989 አሸንፎ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም በ2002 ተመረቀ። ወደ ኦፔራው ውስጥ ከገባሽ ደግሞ እንደ ማዕበል የሚጠማዘዘውን የኦክ እንጨት ግድግዳ በእጅሽ ዳስሺው፤ የሠሩት ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። ጠማማ እንጨት ማገጣጠም የሚያውቀውን የአገሩን ባለሙያ ፈልገው ሥራ ሰጡት። የእኛ አገር ግንበኛና አናጺም እንዲህ ቢፈለግ እላለሁ።

ጎኑ ያለውን የደይክማን ቤተ መጻሕፍት አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ ፈተናሽን ያጠናሽው እዚያ ነው። ሉንድ ሃገምና አተሊየር ኦስሎ የተባሉት ቢሮዎች ነድፈውት በ2020 ተከፈተ። ግን አንድ ነገር አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ሕንፃው ከታች በሰያፍ የተቆረጠው ከባቡር ጣቢያው የሚወጣ ሰው ኦፔራውን እንዲያይ ነው። ታናሹ ሕንፃ ለታላቁ ጎንበስ አለለት፤ ይህ ጨዋነት ደስ ይለኛል። እዚያ ፎቅ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለ። ለፋሲካ የለበስሽው ቀሚስ ጥለቱ ሲላላ የጠገንሁት በዚያ መኪና ነው።

ዴንማርክን ደግሞ ባለፈው ሐምሌ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አየሁት። ኮፐንሃገን ውስጥ ቆሻሻ አቃጥሎ ለከተማው ሙቀትና መብራት የሚሰጥ ማመንጫ አለ፤ አርክቴክቱ ብያርከ ኢንግልስና ባልደረቦቹ ጣሪያውን በ2019 የተከፈተ የበረዶ መንሸራተቻ ሸርተቴና የእግር መንገድ አድርገውታል። በእግሩ ለሚወጣ ክፍያ የለውም። ሰው የሚሸሸውን ሥራ ሰው የሚወጣበት ኮረብታ አደረጉት። በአዲስ አበባም ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ተቋም በ2018 ተመርቋልና፣ አንድ ቀን ሄደሽ ዙሪያውን እይው፤ አጥሩ አጠገብ ላሉት ልጆች ምን ቢሠራ ይሻላል ብለሽ አስቢ። እዚያው ኮፐንሃገን ውስጥ ኤንግሃቨ የሚባለው መናፈሻም አለ። በ2011 ሐምሌ ላይ ከተማዋን ያጥለቀለቀ ዶፍ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መናፈሻውን በዝናብ ጊዜ 22,600 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ አድርገው አደሱት። በደረቅ ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የክረምቱን ጎርፍ የምታውቂው አንቺ ነሽና አላብራራልሽም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን በፎቶግራፍ ብቻ ያየሁት ነው። ዶርተ ማንድሩፕ የምትባል ዴንማርካዊት አርክቴክት በ2017 በሪበ ከተማ አቅራቢያ፣ በባሕሩ ዳር፣ የሠራችው ማዕከል ጣሪያውም ግድግዳውም በሸምበቆ ክዳን የተሸፈነ ነው። እኔ ያደግሁት በሣር ክዳን ቤት ነው። አባቴ ቆርቆሮ ሲያለብሰው ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊለን መጣ፤ እኔም ከደስታ ብዛት ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ። በመጀመሪያው ዝናብ ግን እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። ያንን ፎቶግራፍ ሳይ አያትሽ ክዳኑን ሲጠቀጥቅ፣ ጠርዙን በማጭድ ሲከረክም ታየኝ። የድህነት ምልክት ብለን የጣልነውን ሙያ እርሷ ጠርዙን እንደ ቢላዋ አስልታ ለዓለም አሳየችው። አለቀስሁ ብልሽ አትሳቂብኝ።

ጉድለትም አላቸው፤ ደብቀሽ አትናገሪ። በኦፔራው አካባቢ የተደረደሩት ባርኮድ የሚሏቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙ ሰው አስቆጥተዋል፤ እዚያ ሰፈር ቤት መግዛትም የእኔ ዓይነት ደመወዝ ያለው ሰው የሚችለው አይደለም። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ልሥራ ብላ የተነሣች ጊዜም ቤቶቹ ብርሃንና መታጠቢያ ነበራቸው፤ ይሁንና አክስትሽ እንደምትኖርበት ያሉት ሰፈሮች ስደተኛው ለብቻው የቀረባቸው ሆኑ።

ስለ ነጩ ግድግዳ ለዚያ ልጅ እንዲህ በይው፦ ኦስሎ በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ብርሃን ብርቅ ስለሆነ ግድግዳው በነጭ ይቀባል፣ መስኮቱ ይሰፋል፣ እንጨቱ ሳይጠቁር ይተዋል። አዲስ አበባ ግን ብርሃን ሞልቶ የሚፈለገው ጥላ ነው። ስለዚህ በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ አቁሞ «ስካንዲኔቪያዊ ነው» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። እነርሱ ክረምታቸውን አይተው ሠሩ፤ አንቺም ከሰዓት በኋላ ያለውን የአዲስ አበባ ፀሐይ አይተሽ በረንዳውን አስፊው። የምትማሪበት ተቋም መነሻው በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የቆመው የሕንፃ ኮሌጅ መሆኑንም አትርሺ፤ ይህ ጨዋታ በሁለቱ አገሮች መካከል ካንቺ በፊት የተጀመረ ነው።

በነገራችን ላይ ወንበርሽን አልሰጠሁትም፣ አልሸጥሁትምም። ጎረቤታችን ሶማሊያዊቷ ማታ ማታ ኮርስ ስለምትሄድ ልጇን እኔ ጋ ታስቀምጠዋለች። ትናንት ብሎኑን አላልቼ መቀመጫውን ሦስት ቦይ ከፍ አደረግሁለት። ከጠረጴዛው እኩል ሲሆን መጀመሪያ ያደረገው በመዳፉ መምታት ነው።

ጻፊልኝ፤ ብርዱ ከመግባቱ በፊት የላክሁልሽ ሹራብ ደርሶሽ እንደሆነም ንገሪኝ።

የምትወድሽ እናትሽ