ለጤና ሚኒስቴር፦ ዳማከሴን በወጉ መርምሩልን

ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም
ጉዳዩ፦ ለቫይረስ በሽታ የሚታዘዙ የባህል ዕፅዋትን ስለመመርመር

በቅርቡ ምች መታኝ። ከንፈሬ ዳር ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች ሲወጡ እናቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀንጥሳ መጣች። በመዳፏ አሽታ ግንባሬን ቀባችኝ፣ የቀረውን ጭማቂ ቡናዬ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። በስምንተኛው ቀን ዳንኩ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በተባለ ቫይረስ ነው፤ ምንም ባይደረግለትም በሳምንት በአሥር ቀን ይደርቃል። ያዳነኝ ቅጠሉ ይሁን ቀኑ፣ እኔም እናቴም አናውቅም።

ይህን ለመለየት ሰማይ መቧጠጥ አያስፈልግም። ቬሮ የሚባሉ፣ በላቦራቶሪ የሚራቡ የጦጣ ኩላሊት ሴሎች አሉ። ቫይረሱ ይለቀቅባቸዋል፤ የቅጠሉ ጭማቂ በተለያየ መጠን ይጨመርባቸዋል። ጥያቄው ቫይረሱ ቆመ ወይ ብቻ አይደለም፤ ሴሉስ ተርፏል ወይ? በረኪናም እኮ ቫይረስ ይገድላል። ቫይረሱን የሚገታው መጠን ሴሉን ከሚገድለው በምን ያህል እንደሚያንስ ሳይነገረን «መድኃኒት ተገኘ» አትበሉን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ለኮሮና ከአገር በቀል ዕውቀት የተገኘ መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፏል ሲባል ደስታው ከማስረጃው ቀድሞ ነበር።

ሌላው የናሙና ጉዳይ ነው። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ከማሌዥያዋ ሳራዋክ ደን ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ናሙና በላቦራቶሪ ኤች አይ ቪን ሲገታ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ተጨማሪ ሊለቅሙ ሲመለሱ ዛፉ ተቆርጧል! በአካባቢው ያገኟቸው የቅርብ ዘመዶቹ ደግሞ ያንን ኃይል አላሳዩም። ቫይረሱን የገታውን፣ ካላኖላይድ ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር እንደገና ያገኙት ያው ዝርያ በሲንጋፖር የዕፅዋት ማዕከል ተተክሎ ስለቆየ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት ቅጠል፣ አንድ ቅጠል በሦስት ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ እያንዳንዱ ዕፅ አስቀድሞ ተጭኖና ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ወር ተጽፎበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ኸርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይቀመጥ። ዕውቀቱን ከሰጠው የባህል ሐኪምና ከማኅበረሰቡ ጋር የሚደረገው ውልም ናሙናው ከመነቀሉ በፊት ይፈረም፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን መብት ደንግጓል። ስሩን ለገዛ ልጁ እንኳ በሞት አፋፍ ላይ የሚነግር ሰው በባዶ እጅ አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ግን ያልሠራውን አሳትሙልን። በእብድ ውሻ ተነክሰው ክትባቱን ትተው ስር የሚጠጡ ሰዎች አሉ። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የተመረመረው ስር ቫይረሱን ካልገታ «አይሠራም» የሚለው ወረቀት በመደርደሪያ አይቅር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሌሎችም ቋንቋዎች ተጽፎ በየጤና ኬላው ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ