የሰዓቱን ካሎሪ አትብሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስማርት ሰዓት የጻፋችሁትን እዚህ ጅማ ሆኜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ብረት ሠርተን ስንጨርስ ሰዓቱ የሚያሳየንን ካሎሪ አምነን ምግባችንን በዚያው እንድናስተካክል የመከራችሁበት ቦታ ላይ አልስማማም። ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ይህንኑ አምኜ ሦስት ወር ሙሉ ልፋቴ መና ቀርቷል።

70 ኪሎ ነበርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መልስ ሰፈሬ ያለው ጂም እገባለሁ። ያው ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች (ተጋድሞ ብረት መግፋት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ነው። አንድ ሰዓት ስሠራ እጄ ላይ ያለው ሰዓት አንዳንዴ 480፣ አንዳንዴ 520 ካሎሪ ይጽፍልኛል። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ ያንን ወስዶ በዕለቱ መብላት ከምችለው ላይ ይደምርልኛል። እኔም ማታ ቤት ስገባ ተቃጥሏል ብዬ ጨጨብሳውን ጨመር አድርጌ እበላለሁ። ቦርጭ ላጠፋ ጀምሬ በሦስት ወር 2 ኪሎ ጨመርኩ። ጡንቻ ነው እንዳልል ሱሪዬ ወገቡ ላይ አልቆለፍ አለኝ።

በኋላ ወረቀት ይዤ አሰላሁት። ባለሙያዎች የእንቅስቃሴን ጉልበት የሚለኩበት ሜት የሚባል ነገር አለ። ዝም ብሎ መቀመጥ 1 ሜት ነው። መካከለኛ የብረት ሥራ 3.5፣ ጠንከር ያለው 6 ገደማ ይሰጠዋል። ሜቱን በኪሏችሁና በሠራችሁበት ሰዓት ታባዛላችሁ፣ አለቀ። ለእኔ የአንድ ሰዓቱ 3.5 በ70 ሲባዛ 245 ካሎሪ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 70ው ሶፋ ላይ ብቀመጥም የማቃጥለው ነው፣ በቀኑ ሂሳብ ቀድሞ ተቆጥሯል፤ እሱ ሲቀነስ የሚተርፈኝ 175 ብቻ ነው። ከ500 ጋር አስተያዩት!

ሰዓቱ እኮ ካሎሪ አያይም። የልብ ምትና የእጅ እንቅስቃሴ አይቶ ይገምታል። ወደ ጂሬን ዳገቱን ስትወጡ ግምቱ ይሻላል፣ እግርም ልብም ሳንባም ሳያቋርጡ አብረው ስለሚሠሩ። ብረት ላይ ግን አምስት ጊዜ ገፍታችሁ ሁለት ደቂቃ ትቀመጣላችሁ። ትንፋሽ ይዛችሁ ስትገፉ ልባችሁ በኃይል ይመታል፣ ሰውነታችሁ ግን በሩጫ ጊዜ የሚፈልገውን ያህል ኦክስጅን አልተጠቀመም፤ ሰዓቱ ደግሞ ይህን ለይቶ አያውቅም። ብረቱን አጥብቃችሁ ስትጨብጡም አንጓችሁ ላይ ያለው የደም ፍሰት ይለወጥና በአረንጓዴ ብርሃን ምት የሚቆጥረው ሴንሰር ራሱ ይሳሳታል።

በፈረንጆቹ 2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። በልብ ምት 6ቱ ጎበዝ ናቸው፣ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነው። በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሲስት የመጨረሻው 93 በመቶ ስቷል። ያውም ሰዎቹ የተራመዱት፣ የሮጡትና ብስክሌት የነዱት ነው እንጂ ብረት አላነሱም።

ሰዓታችሁን አውልቁ አልልም፣ እኔም አላወለቅኩም። እኛ ጂም ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አንድ አባት አሉ፣ ሰዓት የላቸውም፣ ደብተር ይዘው ነው የሚመጡት። «ጋሼ፣ ምንድነው የሚጽፉት?» አልኳቸው። «ባለፈው ስንት እንዳነሳሁ ነዋ፣ ልጄ። እሱን ካላወቅኩ ዛሬ ምን ላይ ልጨምር?» አሉኝ። አሳዩኝ። ቀኑ፣ የሥራው ስም፣ ኪሎው፣ ስንት ዙር፣ በዙር ስንት ጊዜ። ሌላ ምንም የለውም።

እኔም እንደሳቸው ጀመርኩ። አፑ የስፖርት ካሎሪ ምግቤ ላይ እንዳይደምር ዘጋሁት፣ ጂም ገባሁም አልገባሁም የምበላው ያው ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት እመዘናለሁ። አራት ወር ሆነኝ። 72 የነበርኩት 68 ገብቻለሁ፣ ስኳቴ ደግሞ ከ50 ኪሎ ወደ 75 ወጥቷል።

እባካችሁ ይህን በቀጣዩ ዓምዳችሁ አርሙልን። ጅማ ውስጥ ብቻ ስንት ወጣት ነው በሰዓቱ ቁጥር ተማምኖ እየበላ ለምን አልቀነስኩም ብሎ ጂሙን የሚተወው። ከደብተሬ አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ልልክላችሁ እችላለሁ፣ ከፈለጋችሁ አትሙት።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ